መሪ የተገጠመለት ባቡር

አባቴ ሊጠይቀኝ ወልድያ መጥቶ ኮምፒዩተሬ አጠገብ ተቀምጧል። የመጫወቻ ባቡሬን የምነዳበትን ፕሮግራም ከፍቼ በማውሱ አንዷን ቁልፍ ስጫን፣ ጠረጴዛው ላይ የምትዞረው ባቡር ጥሩምባዋን ነፋች። ድምፁን ስሰማ በልጅነቴ አባቴ የሠራልኝ ባቡር ትዝ አለኝ።

ባደግኩባት ሐራ ከተማ የባቡር ሐዲዱ ሲዘረጋ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ባቡሩ ራሱ ገና አልመጣም። አባቴ ከዘይት ቆርቆሮ ባቡር ሠራልኝ፤ ጎማዎቹ የለስላሳ ቆርኪዎች ነበሩ። እሱ የሚያውቀው በአስፋልቱ የሚያልፉትን የጭነት መኪኖች ብቻ ስለሆነ፣ ሽቦ ጠምዝዞ መሪ ገጠመለት።

አባቷ ሐዲዱ ላይ የሚሠራ ጓደኛዬ ስታየው ከት ብላ ሳቀች። «ባቡር እኮ መሪ የለውም፤ የሚያዞረው ሐዲዱ ነው! ማነው የሠራልሽ?»

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። «መንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁት» አልኳት።

«እንግዲያው የሰው ሐቅ ነዋ» አለኝ አባቴ ቀስ ብሎ፤ «ለባለቤቱ መልሺ።»

ያመነኝ መስሎኝ ወስጄ መንገድ ዳር ጣልኩት።

አሁን ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር አየው። «እውነትም ባቡር መሪ የለውም» አለኝ።

ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።