የጋሽ ነስሩ ጡሩምባ

በደርግ ጊዜ ቦንጋ የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ጋሽ ነስሩ ነበሩ፤ ገበያው ዳር ጨውና ነጭ ጋዝ ይሸጡ ነበር። የጡሩምባቸው ድምፅ ዛሬም ይናፍቀኛል። ሰው ሞቶ እሳቸው ከነፉ ክርስቲያን ቢሉ እስላም፣ በዚያ ዝናብና ጭቃ ቤቱ የሚቀር አልነበረም።

አንድ ጠዋት የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ደጀን ሱቃቸው መጣ። ስብሰባ ሲጠራ ሰው እምቢ እያለው ተቸግሮ ነበር።

"ጋሽ ነስሩ፣ ጡሩምባውን ይንፉልኝ እንጂ።"

"ማን ሞተ?"

"ማንም። ለስብሰባ ነው።"

"ዛሬ በውሸት ከነፋሁ ነገ ለሬሳ ማን ይወጣልኛል?"

ደጀን ቀምቷቸው ቀበሌው ግቢ ቆሞ ራሱ ነፋው። ነጠላችንን አዘቅዝቀን እያለቀስን ቀበሌው ግቢ ስንደርስ "ተቀመጡ፣ ስለ መንገድ ሥራ ነው" አለን።

"እንባዬን መልስልኛ!" አሉት እትዬ የወርቅውሃ። ስቀን ተበተንን።

በሳምንቱ ጎረቤታችን ትርሐስ ሞተች። ጋሽ ነስሩ ቢነፉ ማንም ብቅ አላለም፤ ሁላችንም እንደገና ስብሰባ መስሎን ነበር። እሳቸው ግን ጭቃውን እያቦኩ በየደጁ ዞሩ። እኔም ደጅ ቆመው፣ "ልጄ፣ የነፋሁት እኔ ነኝ፤ ትርሐስን ተነሺና እንቅበራት" አሉኝ። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ በወግ ቀበርናት።

ከዚያ ወዲያ ቀበሌው ምንም ቢያውጅ ሰው የሚጠይቀው "ጋሽ ነስሩ ምን አሉ?" እያለ ሆነ። ደጀንም ይህ ገባውና አዋጁን ይዞ መጀመሪያ እሳቸው ዘንድ ይሄድ ጀመር። ጋሽ ነስሩ "ደግ ነገር ነው፣ ሂዱ" ካሉን አካፋችንን ይዘን እንወጣለን። ጨው መመዘናቸውን ቀጥለው ዝም ካሉን ደግሞ፣ እኛም ዝም ብለን ወደየቤታችን እንገባለን።