ከፍየሎቹ የተረፈውን የለኩት ኢንጂነር ሩቅያ

ኢንጂነር ሩቅያ ዓርብ ንጋት ላይ አረፉ፤ በዚያው ቀን ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ቀበርናቸው። ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን የምጽፈው ሥራ ያስተማሩኝ ተማሪያቸው ነኝ። ማመን አቅቶኛል። አሁንም ደውለው «አቦ፣ የት ጠፋህ?» የሚሉኝ ይመስለኛል።

ሥራቸው በድሬና በዙሪያዋ ያለው የማሽላ አገዳ፣ ቁጥቋጦና ከጫት ተርፎ የሚጣለው ገረባ መብራት ለማመንጨት ይበቃ እንደሆነ ማጥናት ነበር። ከቀትር በኋላ ከተማዋ በሙቀት ስታንቀላፋ እኛ ጫት ተራ ገረባ እንመዝናለን። ጃንጥላቸውን ተራውን ለምትጠርገው ሴት ሰጥተው እሳቸው በሻርፓቸው ይጠለላሉ። ፍየል መጥታ ከሚዛኑ ላይ ስትበላ ላባርራት እነሳለሁ፤ ይስቁብኛል። «ተዋት እባክህ! መጀመሪያ እሷ ድርሻዋን ትውሰድ። እኛ የምንቆጥረው የተረፋትን ነው።»

ከሁሉም የሚታየኝ ግን ከቢዮ አዋሌ ወዲያ፣ መብራት በሌላት አንዲት መንደር ያመሸንበት ቀን ነው። ፀሐይ ገብታ ኮረብታው ደብዝዟል። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በጣታቸው አየሩ ላይ አምፖል ይሰቅሉ ጀመር። «እዚያ ለጤና ኬላው አንድ። እዚያ ሻይ ያጠጣችን ሐሊማ ደጅ አንድ። እዚህ መንገዱ ላይ ደግሞ...» ወላሂ፣ እኔም ሲበራ አየሁት።

ለመንደሯ የታሰበው ማመንጫ እንዲፈቀድ ብዙ አገዳ መገኘት ነበረበት። አገዳው ሞልቷል፤ ግን ከብቱ የሚበላው እሱን፣ ምድጃውም የሚነደው በእሱ ነው።

«ሁሉንም ብንጽፈው ምናለበት? መብራቱ ይምጣላቸው እንጂ» አልኳቸው።

መለሱልኝ። «ይመጣል። ከዚያ በጋ ሲገባ ምን ሊያበሉ ነው? የሞተ ላም በአምፖል ሊያዩ?»

የከብቱንና የምድጃውን ቀንሰው ጻፉ፤ የተረፈው አልበቃም። ማመንጫው ቀረ። እንደማንኛችንም ቢሮ ተቀምጠው ዝም ማለት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን መንደሯ ድረስ ሄደው ራሳቸው ለሰዎቹ ነገሯቸው። ስንመለስ መኪናው ውስጥ አለቀሱ።

ኢንጂነር፣ እንግዲህ ደህና ይሁኑ፤ አላህ ማረፊያዎን ጀነት ያድርገው። ሳይነግሩኝ የሄዱት ብዙ ነገር አለ፣ ይናፍቁኛልም። ይህን ግን ስላላዩት ልንገርዎ። ዓርብ ዕለት የዚያች መንደር ሰዎች በአይሱዙ ተጭነው መጡ። አንድ ሽማግሌ «ሌላው ሁሉ እናመጣለን ብሎ ይጠፋል» አሉኝ፤ «እሷ ግን የለም ልትለን ተመልሳ መጣች።» ከዚያ ጀናዛዎን ከትከሻችን ተቀበሉን፤ እስከ መቃብሩ ድረስ ለእኛ ለከተሜዎቹ ተራ አልደረሰንም።