በሰርጌ ቀን የጠፋብኝ የአማቴ ቤት

ትናንት ከሰዓት ከአዳማ ወደ ባቱ እየሄድን ነው። ልጄ ሜሮን ትነዳለች፣ ባሏ አጠገቧ ተቀምጧል። የእሷ ስልክ ታጠፊ ይላል... የእሱ ደግሞ ቀጥ በል። የማን ካርታ ይሻላል ብለው ሞጆን እስክናልፍ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ «አባዬ፣ እስቲ አንተ ፍረደን!» አለችኝ።

እኔ ግን በዚሁ መንገድ በደርግ ጊዜ ያየሁት ፍዳ ትዝ ብሎኝ ሳቄ አመለጠኝ። ለእናንተም ላውራችሁ።

የሰርጌ ቀን ነው። ሙሽራዬ አስቴር ሥራዋ ናዝሬት ይሁን እንጂ (አዳማን ያኔ እንደዚያ ነበር የምንላት) ወላጆቿ የሚኖሩት ከዝዋይ (ከዛሬዋ ባቱ) አለፍ ብሎ፣ አዳሚ ቱሉ ሳይደረስ፣ ሐይቁ ዳር ነው። ቤቱን የሚያውቁት የላክኋቸው ሽማግሌዎች እንጂ እኔ ረግጬው አላውቅም። አባቷ አቶ ደምሴ «ከምሳ በፊት ያልደረሰ ሙሽራ ንቆኛል ማለት ነው፣ ልጄን አይወስዳትም» ብለው አስጠንቅቀዋል። ቀልድ አያውቁም ተብያለሁ።

ሽማግሌዎቹ የነገሩን አቅጣጫ «ትልቁ ግራር ጋ ስትደርሱ ወደ ሐይቁ ታጠፉ» የሚል ነበር። እዚያ አገር ትልቅ ያልሆነ ግራር ካያችሁ ንገሩኝ!

ይባስ ብሎ በአበባ ያሸበረቅናት የኪራይ ታክሲ መቂ ላይ ቀጥ አለች። ደግነቱ እዚያው መቂ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ታደሰ የሚባል ጓደኛ ነበረን። ካኪውን እንደለበሰ የመሥሪያ ቤቱን ላንድሮቨር ይዞ ደረሰልን። በጥድፊያ አበባውን ታክሲዋ ላይ ረስተነው ፈረጠጥን።

ከዝዋይ ወዲያ የፒስታው መንገድ አቧራ ጥቁር ሱፋችንን አመድ አስመሰለው። ሚዜዬ ግርማ ሰው ባየ ቁጥር አንገቱን በመስኮት ያወጣና «የአቶ ደምሴ ቤት የት ነው? ጎረምሶቹ ተሰብስበዋል?» ይላል። መቼም የሙሽሪት ወገን ጎረምሶች ደጁ ላይ ተደርድረው አናስገባም ማለታቸው ወግ ነው። ግርማ ደግሞ በጭፈራ ሊገጥማቸው ቸኩሏል።

አህያ የምትነዳ ሴትዮ «አቺ!» (እዚያ ማለቷ ነው) ብላ በአገጯ ተራራውን አሳየችን። ሄድን... ምንም የለም። አንዱ ወጣት ወደ አስፋልቱ መለሰን። አንድ ገበሬ ደግሞ ኮፍያውን አውልቆ «አቶ ደምሴማ ከሞቱ ቆዩ እኮ... ነፍስ ይማር» አለን።

«ታዲያ ለሰርግ የጠራኝ ማነው?» አልኩ። ላቤ ጠብ ጠብ ይላል። የምሳ ሰዓት እየደረሰ ነው።

ዞረን ዞረን የምንመለሰው ከአንድ የቁልቋል አጥር ጥግ ከቆሙ ሽማግሌ ዘንድ ነው። በሄድን ቁጥር አዲስ አቅጣጫ ይሰጡናል። በሦስተኛው እኔ ራሴ ወረድኩ። ለአስቴር የያዝኩትን የቬሎ ካርቶን ከፍቼ እያሳየኋቸው «አባቴ፣ ሙሽራው እኔ ነኝ። ይቺ ልጅ ልታመልጠኝ ነው» አልኳቸው።

ቬሎውን አዩ... እኔን አዩ... ከዚያ ራሳቸውን ያዙ።

«ዋዮ! ሙሽራው አንተ ነህ? እኔ እኮ የአስቴር አጎት ነኝ! አንተን እንድቀበል ነው እዚህ ያቆሙኝ!»

«ታዲያ ለምን አባረሩን?»

«ለአፈሳ የመጣችሁ መስሎኝ ነዋ! ጎረምሶቹን ሁሉ ሐይቁ ዳር ደንገል ውስጥ ደብቄያቸዋለሁ!»

ለካ የመንግሥት መኪና፣ ካኪ የለበሰ ሾፌር፣ «ጎረምሶቹ ተሰብስበዋል?» የሚል ጥያቄ... ያኔ ብሔራዊ ውትድርና ነው፣ ወጣት እየታፈሰ የሚዘምትበት። አገሩ ሁሉ ሳይመካከር ለሰው ልጅ ሲል ዋሸን። ስልክማ ማን ነህ፣ ለምን መጣህ ሳይል ማንንም ይመራል። እነሱ ግን ለማያውቁት መኪና አቅጣጫ አይናገሩም። ከእንደዚህ ዓይነት ሰዎች ጋር ልዛመድ በመሆኔ ደስ አለኝ።

ቤቱ ከቁልቋሉ ጀርባ ነበር! ዳሱ እዚያው፣ ድንኳኑ እዚያው፣ ከበሮውን እንኳ ዝም አሰኝተውታል። እልልታው ቀለጠ። አቶ ደምሴም «ያስረፈዷችሁ የእኛው ሰዎች ናቸው» ብለው ማሩን። እፎይ ብዬ ልገባ ስል ግን የአስቴር አክስት ደጁ ላይ እጃቸውን ዘረጉ።

«ማንም ሳይከለክላችሁ ልትገቡ? ልጃችን ወንድም የላትም እንዴ? በፍጹም አትወጣም!»

እውነታቸውን ነው። ከልካዮቹ በሙሉ ሐይቅ ውስጥ ናቸው።

ምን ይደረግ? ሰርገኞቹ ከነሱፋችን ወደ ሐይቁ ሮጥን። አጎቷ ኦቦ ቱፋ በየስማቸው ተጣሩ። «ውጡ! ሙሽራው ነው!»

ከደንገሉ ውስጥ አንድ ድምፅ «ይዘውህ ነው እንደዚያ የምትለው!» አለ።

ግርማ የላንድሮቨሩን ጀሪካን አወረደና እንደ ከበሮ ይደልቀው ጀመር። እኛም እያጨበጨብን ዘፈንን። ከደንገሉ መሀል አንዱ አናስገባም እያለ መለሰልን። ሌላው ተቀበለው። ወዲያው ሐይቁ ዳር በሙሉ በጭብጨባ ተናወጠ። አዲስ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ የሆነ ጎረምሶች እየዘፈኑ ብቅ ብቅ አሉ። ቀድመውን ሮጠው ደጁ ላይ ተደረደሩና እንደዚያ አስለፍተውን፣ እያሳቁን፣ ወገባችን እስኪቆረጥ አስጨፈሩን። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ስቄ አላውቅም።

በዕድሜዬ ስንት ቢሮ ደጅ ጠንቻለሁ... «እባካችሁ እንዳልገባ ከልክሉኝ» ብዬ የለመንኩት ግን በአማቴ ደጅ ብቻ ነው።