ከዴም እስከ ቡሪ በጋሽ ብርሃኑ ቢጫ ታክሲ

ዴም፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት

ካርቱም ውስጥ ካለው ሰፈራችን ከዴም የወጣነው ለአንድ ጉዳይ ነው። የጎረቤታችን የጋሽ ብርሃኑ ታክሲ ቡሪ የሚባለው ሰፈር ለዓመታዊ ምርመራ ትቀርባለች። ካለፈች ትሠራለች፤ ከወደቀች ታርጋዋ ይነቀላል፣ እሳቸውም ሌላ ሥራ የላቸውም። እኔን የወሰዱኝ ፎርም እንድሞላላቸው ነው፤ አረብኛ ይናገራሉ እንጂ አያነቡም። እኔ ደግሞ በመካኒካል ምህንድስና ተመርቄ ቤት ቁጭ ብያለሁ።

"ይቺ እኮ ሙዚየም ነው የሚገባት" አልኳቸው፣ በሩ የታሰረበትን ሽቦ እየፈታሁ።

"እኔንም አብረሽ አስገቢኝ፣ ባሽሙሃንዲሳ!" አሉ፤ ኢንጂነሯ ማለታቸው ነው። "ያላ፣ ግቢ!"

የኤርፖርቱ መንገድ

አምና የጭቃ አጥር የነበረበት ቦታ ላይ ሰማያዊ መስታወት የለበሰ ፎቅ ቆሟል። የድሮ መኪና መቁጠር ጀመርኩ፦ ሽንኩርት የጫነ ቤድፎርድ፣ ኒም ዛፍ ሥር ጎማ የሌለው ላንድሮቨር፣ እኛን የመሰለ ቢጫ ታክሲ ሦስት ብቻ። ጋሽ ብርሃኑ ለሦስቱም ክላክስ አደረጉ።

"ሲኒማው ጋ እንታጠፋለን" አሉ።

"የምን ሲኒማ? ባንክ ነው እኮ!"

"ላንቺ ነው ባንክ።"

ቡሪ፣ አራት ሰዓት

መርማሪው ፍሬን አየ፣ መብራት አየ። ከዚያ "አጥፋና አስነሳ" አለ። አጠፉ፤ እምቢ አለች። ሰልፍ ላይ የነበሩት ሾፌሮች ማንም ሳይጠራቸው መጥተው ከኋላ ገፏት፣ እኔም ገፋሁ። ተነሳች! ሁላችንም አጨበጨብን። መርማሪው ብቻ አላጨበጨበም።

"ያ ዓም" አለ፣ አጎቴ ለማለት፣ "ይሄ ማስነሳት አይደለም። ስታርተሩ ሲሠራ ታርጋህን ትወስዳለህ።"

ልከራከር አፌን ስከፍት ጋሽ ብርሃኑ "ፎርሙን ሙዪ" አሉኝ። መርማሪው ታርጋዋን ሊነቅል መፍቻ ሲያነሳ "ተው፣ ብሎኑ ዝጓል፣ ትሰብረዋለህ" ብለው ታርጋውን ራሳቸው ፈቱት።

መልስ

ታክሲዋን እዚያው ግቢ ትተን በሃፍላ፣ በከተማው አውቶቡስ፣ ተመለስን። የሃፍላው ሾፌር ፍሬን በያዘ ቁጥር ጋሽ ብርሃኑ ወለሉን ይረግጣሉ። ዴም ስንደርስ ለመውረድ ጣት ማጮህ ነበረባቸው፤ ካርቱም ውስጥ ሃፍላ የሚቆመው እንደዚያ ነው። ሞከሩ፤ በግሪስ የወፈረ ጣታቸው ድምፅ አላወጣም። እኔ ጧ! አደረግኩት።

"ለካ ለመውረድም ዲግሪ ያስፈልጋል" አሉና ሳቁ።

እኔ አልሳቅኩም። መርማሪው ልክ ነው። ይቺ መኪና በራችን ላይ ስታድር፣ አምስት ዓመት ሙሉ ሞተር የተማርኩት እኔ አንድ ቀን ኮፈኗን ከፍቼ አላየሁም፤ መቀለድ ብቻ። ቅዳሜ ቡሪ ሄጄ ስታርተሯን እፈታለሁ። ጋሽ ብርሃኑ መፍቻ ያቀብሉኛል።