ቁጥር ያልጻፍኩበት ጥርስ

በስደት በምኖርበት ከተማ፣ ዐማራት በሚባል ሰፈር፣ በአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ሃያ ዓመት ያህል ጀሶ በጥብጫለሁ። ሐኪሙ የታካሚውን ጥርስ ልክ ሊጥ በሚመስል ነገር ይወስዳል፤ እኔ ልኩ ውስጥ ጀሶ አፈስሳለሁ። ሲደርቅ ላይኛውና ታችኛው ረድፍ ለየብቻ ይወጣሉ። ላይኛው ታችኛውን በትንሹ ከውጭ ያቅፈዋል፤ የመንጋጋው ጥርስ ጉብታ ከሥሩ ባለው ጎድጓዳ ይገባል። የአንድ ሰው ከሆኑ እጅ ላይ ጥቂት ተንሸራተው ቀጥ ይላሉ። ካልሆኑ ይነቃነቃሉ።

ሰው ጥርስህን ግጠም ሲሉት አገጩን ወደ ፊት ያወጣል። ምላስህን ላንቃህ ላይ አድርገህ ምራቅህን ዋጥ ካሉት ግን ጥርሱ ራሱ ቦታውን ያገኛል።

እንዳይቀያየሩ በሁለቱም ረድፍ ጀርባ ቁጥር እጽፍ ነበር። ልጄ ካደገች በኋላ የእሷንም ልክ ወሰድንላት። ግራ ክራንቻዋ ከረድፉ ወጣ ያለ ነው። በእሷ ላይ ቁጥር አልጻፍኩም። የልጄን ጥርስ ማን ይሳሳተዋል ብዬ ነው።

ጦርነቱ ከተማው ውስጥ ሲገባ ልጄ ካይሮ ሄደች። እኔ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ጊዜው አልፎ ስለነበር ቀረሁ። ከከተማው ዳር፣ ሶባ የምትኖር አንዲት ያገሬ ሴት አስጠጋችኝ። ከሐኪም ቤቱ በጥድፊያ ስወጣ የያዝኩት የልጄን ጥርስ ነበር፤ በነጠላዬ ጠቅልዬ። ሶባ ደርሼ ስገጥመው ተነቃነቀ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ላይኛው የእሷ ነው፣ በክራንቻው አውቀዋለሁ። ታችኛው የሌላ ሰው ነበር።

መንገዱ ሲከፈት ተመልሼ ሄድኩ። መደርደሪያው ወድቆ ወለሉ በጀሶ ስብርባሪ ነጥቷል። ስለቅም ዋልኩ። ቁጥር ከሌለው ስብርባሪ የትኛው የእሷ እንደሆነ ለመለየት አልቻልኩም።

ማታ በስልክ መልኳን እያየሁ ነገርኳት።

«እማ፣ ለጀሶ ብለሽ ነው ዐማራት ድረስ የሄድሽው?» ብላ ሳቀች።

«ታችኛው ጠፋ» አልኳት።

ሳቋን ተወችው። ከንፈሯን በጣቷ ወደ ታች ሳብ አድርጋ ወደ ስልኩ ተጠጋች።

«ይኸው እኔ ጋ አለ። መጥተሽ ግጠሚው፣ ኢንሻአላህ።»

የጉዞ ወረቀቴ ከምን እንደደረሰ ጠየቀችኝ። ገና ነው አልኳት። ከዚያ ምላስሽን ላንቃሽ ላይ አድርገሽ ዋጥ በይ፣ ከንፈርሽንም ግለጪ አልኳት። ለምን ሳትል አደረገችው። ላይኛውን ጀሶ ከስልኩ ጎን ያዝኩት። ክራንቻው ያው ነው። እስኪደክማት ድረስ ከንፈርሽን ዝጊ አላልኳትም።