ዘግይቶ ለመጣ እንግዳ ከመጀመሪያው

ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት በእጅ ጽሑፌ ምክንያት ነው። ሠላሳ አራት ዓመት በመንግሥት መዝገብ ቤት አገልግዬ በጡረታ በተሰናበትሁ በዓመቱ፣ በመስከረም መጨረሻ፣ ሁለት ሰዎች አዳማ ወደሚገኘው ቤቴ መጡ። አንደኛው በአንድ ጽሕፈት ቤት ሥር የተቋቋመ የንባብ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ገና አርባ ያልሞላው፣ ሰው እያነጋገረ ስልኩን የሚያይ ሰው ነበር። ሁለተኛው የእንግሊዝኛ መምህር የነበሩ፣ ሰማንያ ዓመት የተጠጉ ሽማግሌ ናቸው። ሰብሳቢው ቃለ ጉባኤ የሚይዝላቸው የኮሚቴ አባል እንደሚፈልጉ ነገረኝ።

«የእርስዎን ጽሑፍ የማያውቅ የለም እኮ፣ ጋሼ» አለ።

ሽንገላ መሆኑን አውቄ ነበር፤ እውነትም ስለሆነ ግን ተቀበልሁት።

መምህሩ ስለ ዓሣ ነባሪ አዳኞች የሚተርክ አንድ የቆየ የውጭ አገር ልቦለድ ወደ አማርኛ መልሰዋል። ስሙን ሁሉም የሚጠራው፣ ጨርሶ ያነበበው ግን ጥቂት የሆነ መጽሐፍ ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶባቸዋል፤ ከመቶ የሚበልጡት ምዕራፎች በሃያ ሦስት ደብተሮች ላይ በእጃቸው ተጽፈዋል። ጽሕፈት ቤቱ ሊያሳትመው ፈቃደኛ ነበር። ሆኖም በመመሪያው መሠረት መጽሐፉ እንግዶች በተገኙበት ምዕራፍ በምዕራፍ ተነብቦ፣ ማለቁ በቃለ ጉባኤ ተረጋግጦ፣ እስከ ሰኔ 30 ቀን ገቢ መሆን አለበት። ካልሆነ ጉዳዩ ይዘጋል፤ ደብተሮቹም ለባለቤታቸው ይመለሳሉ። የመምህሩ ዓይን ደግሞ በየወሩ እየደከመ ነበር።

«ታትሞ ባላነበው እንኳ በእጄ ልዳብሰው» አሉኝ በሩ ላይ ስንሰነባበት።

የመጀመሪያው ንባብ በጥቅምት ወር፣ ቅዳሜ ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ በአንድ ንባብ ቤት አዳራሽ ተጠራ። ባነር ተሰቅሏል። የታሸገ ውኃ ተደርድሯል። ከፊት ለፊት ነጭ ጨርቅ የለበሰ፣ ጀርባው ከሌሎቹ ከፍ ያለ ወንበር ለክብር እንግዳው ተቀምጧል። አንባቢያችን የንባብ ቤቱ ሠራተኛ፣ የኮሚቴው አባልም የሆነች፣ ድምፅዋ የጠራ ሴት ነበረች። እንግዳው አልመጡም። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ጠብቀን ጀመርን። ከምዕራፉ ሁለት ገጽ ሲቀር ሁለት አጃቢ አስከትለው ገቡ፤ አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። እስኪቀመጡ፣ ውኃው እስኪከፈትላቸው ዝም አልን። ከዚያ አንድ ሰው፣ «እንግዳችን እንዳይቀርባቸው ከመጀመሪያው ይነበብ» ሲል ሐሳብ አቀረበ።

ያ ሰው እኔ ነበርሁ። በቃለ ጉባኤው ላይ ስለ ሰፈረ እዚህም አልሸሽገውም።

አንድ ጊዜ የተደረገ ነገር እኛ ዘንድ ወዲያው ሥርዓት ይሆናል። በሳምንቱ የመጡት እንግዳም ዘገዩ፤ ላለፈው ሳምንት እንግዳ ከመጀመሪያው ተነብቦላቸው፣ እኒህኛው ምን በድለው ነው ከሁለተኛው ምዕራፍ የሚጀምሩት ተባለ። በሦስተኛው ሳምንት በሰዓቱ የመጡ እንግዳ ገጠሙን፤ እሳቸውንም ከሌሎቹ ማሳነስ ነውር ሆነ። እስከ ገና ድረስ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሰባት ጊዜ አነበብነው። መርከቧ ከወደብ አልወጣችም። የንባብ ቤቱ ዘበኛ የምዕራፉን መግቢያ በቃሉ ያዘው፤ እንግዶቹ ግን የመጽሐፉን ርእስ እንኳ አስተካክለው አልጠሩም።

ከእያንዳንዱ ንባብ በኋላ የእንግዳ አስተያየት ነበር። አንዱ፣ «ይህ መጽሐፍ የሐይቆቻችንን የዓሣ ሀብት ለማልማት ከፍተኛ ትምህርት ይሰጣል» አሉ። ተጨበጨበላቸው። መምህሩ አንገታቸውን ነቅንቀው «ትክክል ነው» አሉ። ዓሣ ነባሪ ዓሣ እንዳልሆነ አሳምረው የሚያውቁ ሰው ናቸው። እኔ አስተያየቱን ቃል በቃል መዘገብሁት፤ ከዚያ የከፋ ቅጣት በእጄ አልነበረም።

በጥር ወር ኮሚቴው ለልምድ ልውውጥ ላንጋኖ ወረደ። ልምዱን ከማን ጋር እንደምንለዋወጥ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ግማሽ ምዕራፍ አነበብን፤ ምሳ ደረሰ። ከምሳ በኋላ ይቀጥላል ተባለ፤ አልቀጠለም። የዕለቱ የክብር እንግዳ ቡናማውን ውኃ በአድናቆት እያዩ፣ «ታዲያ እዚህ ዓሣ ነባሪ የለም?» ብለው ጠየቁ። የሚቀልዱ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁት። አልቀለዱም። መምህሩን አቅፈው፣ አንዱን ደብተር በብብታቸው ይዘው ፎቶ ተነሡ። ደብተሩን ገልብጠው ነበር የያዙት።

መጋቢት ሲያልቅ ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ነበርን። ሰብሳቢው መምህሩንና እኔን ወደ አዳራሹ ጥግ ወሰደን።

«ጋሼ፣ ‹ሙሉው ተነበበ› ብለው ይጻፉትና እንገላገል። ማን ያጣራል?»

«እኔ።»

«ለመምህሩ ሲባል እኮ ነው! ደግሞስ ማን ያነበዋል?»

«የሚያነበው ከሌለ ለምን ይታተማል?»

«እርስዎ ደግሞ ነገር ያከራሉ!» ብሎ ሳቀ፤ ስልኩን አውጥቶ ሄደ።

መምህሩ ወለሉን ያዩ ነበር። ዝምታቸው እሺታ መሆኑ ገባኝ። አልፈረድሁባቸውም፤ ግን ሠላሳ አራት ዓመት ያልጻፍሁትን ሐሰት በጡረታዬ ልጀምር አልቻልሁም። ይህን ስል ኩራት እንዳለበት አውቃለሁ። ዋጋውን የሚከፍሉት ደግሞ እሳቸው እንጂ እኔ አልነበርሁም።

በማግሥቱ መመሪያውን ከሰብሳቢው ጠይቄ ወሰድሁ። አራት ገጽ ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ገጽ ጫፋቸው ከማተሚያው እንደ ወጣ ተጣብቆ ነበር፤ በምላጭ ለየኋቸው። ስድስት ወር ሙሉ የተመራንበትን ሰነድ እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው አልነበረም ማለት ነው፤ ይህ እኔንም ይጨምራል። የሚጠይቀው ይህን ብቻ ነው፦ ሁለት የኮሚቴ አባላት፣ ቢያንስ አንድ እንግዳ፣ የተፈረመ ቃለ ጉባኤ። ስለ ክብር እንግዳ፣ ስለ ቅዳሜ፣ ስለ ባነር አንዲት ቃል የለችም።

ሁለቱ የኮሚቴ አባላት አንባቢዋና እኔ ሆንን። ከሰኞ እስከ ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት ካቆምንበት ማንበብ ጀመርን። እንግዶቻችን ሁለት ነበሩ። ማክሰኞና ዓርብ ሽንኩርት ጭነው ከቡልቡላ የሚመጡት ሴት ነጋዴ ገበያቸውን ጨርሰው መኪናቸውን የሚጠብቁበት ሰዓት ነበር፤ «ጥላ ያለበት ቦታ ከሆነ ምን ቸገረኝ፣ ኦቦ» ብለው መጡ። በቀሩት ቀኖች ሠፈራችን የሚኖር፣ ጉልበቱን ታክሞ ዕረፍት ላይ የነበረ፣ በጅቡቲ መንገድ የሚሠራ የከባድ መኪና ሹፌር ይገኛል። ከመጡት እንግዶች ሁሉ ባሕር ያየው እሱ ብቻ ነበር። ነጭ ጨርቅ የለበሰውን ወንበር ማንም አልተቀመጠበትም፤ ነጋዴዋ ነጠላቸውን አኖሩበት።

በሦስተኛው ሳምንት ሰብሳቢው ወሬውን ሰምቶ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ አዳራሹን ቃኘ።

«የሽንኩርት ነጋዴ የንባብ እንግዳ ይባላል እንዴ፣ ጋሼ?»

«በሰዓቱ ከመጣ ይባላል።»

ነጋዴዋ ዞር አሉ። «ልጄ፣ አርፍደሃል። ዐሥራ ሁለት ገጽ አልፎናል፤ ላንተ ብለን አንመለስም። ግባና ተቀመጥ፣ ወይ በሩን ዝጋው፤ ነፋሱ አቧራ እያስገባብን ነው።»

በሩን ዘጋው፤ ከውጭ በኩል።

ስለ ገመድ ብቻ የሚናገር አንድ ምዕራፍ አለ። ከክብር እንግዶቹ አንዱ ማውጫውን አይተው ይህ ይቀነስ ብለው ነበር። አንባቢዋ ስትጨርሰው ሹፌሩ እጁን አነሣ፤ «ይሄንን ድገሚልኝ» አለ። ተደገመለት፤ በዚያ ዓመት ሰው ስለ ፈለገው የተደገመ ንባብ ይህ ብቻ ነው። በሁለተኛው ዙር አቋረጣት።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እንዲህ የተጠመጠመ ገመድ ሲለቁት ሰው ይዞ ይሄዳል። ውስጡን ወደ ውጭ ነው የሚጠመጥሙት።»

መምህሩ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ዋናው መጽሐፍ ይምጣ አሉ፤ አንባቢዋ ዐረፍተ ነገሩን ፊደል በፊደል አነበበችላቸው። ሹፌሩ ልክ ነበር። መምህሩ እርማቱን እያስጻፉ እንደ ተማሪ ይስቁ ነበር። ከጥቅምት ጀምሮ ትርጉሙን በርግጥ የሰማላቸው የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር።

የመጨረሻውን ምዕራፍ ሰኔ 26 ቀን አነበብን። አንባቢዋ ደብተሩን ስትዘጋ ነጋዴዋ ወደ መምህሩ ዞሩ።

«የመርከቧ ሰዎች ሁሉም አለቁ?»

«አንድ ተርፏል» አሉ መምህሩ።

«ባይተርፍማ ማን ያወራልን ነበር!» አሉና ነጠላቸውን ከወንበሩ አነሡ።

ቃለ ጉባኤውን ሁላችንም ፈረምን። በማግሥቱ ሃያ ሦስቱን ደብተሮች በባጃጅ ጭኜ ጽሕፈት ቤቱ ገቢ አደረግሁ፤ የተቀበለኝ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ገጽ ሳይገልጥ ማኅተሙን መታልኝ።

መልሱ በደረሰ ቀን ወደ መምህሩ ቤት ወሰድሁት። ደብዳቤው ሦስት አንቀጽ ነው። በመጀመሪያው፣ ትርጉሙ ሙሉ በሙሉ መነበቡ ስለ ተረጋገጠ ይታተም ይላል። እዚህ ላይ መምህሩ እጃቸውን አነሡ።

«ይታተም ይላል?»

«ይላል።»

«እንግዲያው የቀረውን አያንብቡልኝ።»

አላነበብሁላቸውም። የቀረው፣ መጽሐፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ለተከታተሉት ሦስት የክብር እንግዶች የምስክር ወረቀት እንዲሰጥና መቅድሙን እነሱ እንዲጽፉ ያዛል፤ ለሰብሳቢውም ምስጋና ያቀርባል። ሹፌሩና ነጋዴዋ አልተጠቀሱም። ደብዳቤውን ከቃለ ጉባኤው ቅጂ ጋር በፋይሌ አስቀምጬዋለሁ። ከጽሕፈት ቤቱ ወጪ የሆነው ሐምሌ 9 ቀን ነው።