ዴልማ የነቀለችው ሚሞሪ

ከዋባግ ከተማ በታች ባለው ሸለቆ ጦርነት ሲነሳ ወንድ ወንዙን አይሻገርም፤ የሚሻገረው አስከሬኑ ነው። ወዲያ ማዶ ተወልዳ ወዲህ ማዶ ያገባች ሴት ግን በሁለቱ መሃል ትመላለሳለች፣ የሚነካት የለም። ዴልማ እንዲህ ያለች ሴት ናት። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳሯ አራት ጦርነት አይታለች፣ ቤቷም ሁለት ጊዜ ተቃጥሏል። ሦስት ጥርሷን የወሰደው ግን ጠላት ሳይሆን ባሏ ኬፓስ ነው። ሽማግሌዎቹ አንዴ መክረውት ነበር፤ በቡጢ ፋንታ በጥፊ ያድርገው ብለው።

ያን ዕለት ጠዋት ኮምፒዩተሩን በገመድ ቦርሳ ከትታ፣ ማንገቻውን ግንባሯ ላይ አሳልፋ ወንዙን ገባች። ከኋላዋ የባሏ ጎሳ፣ ከፊቷ የወንድሞቿ ጎሳ ጠመንጃ ደግኗል። ትናንት እዚያው ድንጋይ ላይ አንድ ሰው ሆዱን ተመትቶ እስኪመሽ ሲጮህ ነበር። ደሙ አልታጠበም፤ ረግጣው አለፈች።

የጦርነቱ መነሻ የታላቅ ወንድሟ የላካይን ልጅ ክሌመን ነው። በኬፓስ ሱቅ ውስጥ በገጀራ ተቆራርጦ ተገኘ። ያን ቀን ከተማ የነበረው ኬፓስ የመንገደኛ ሥራ ነው ብሎ ማለ። ሱቄ ካሜራ አለው፣ የቀረጸውም ቤት ባለው ኮምፒዩተር ውስጥ ተቀምጧል፣ አሳያችኋለሁ አለ። ኮምፒዩተሩን ሲከፍቱት ግን ስክሪኑ እንደጨለመ ይቀራል፣ ሳጥኑ ሦስት ጊዜ ረዘም አድርጎ ይጮሃል፣ በቃ። በዚያ ሸለቆ ኮምፒዩተር የሚጠግን ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሟቹ አባት ላካይን። የኬፓስ ጎሳ ሽማግሌዎች መከሩና፣ እንዲያውም ራሱ ጠግኖ ራሱ ይየው፣ እኛ ንጹህ ነን አሉ።

ንጹህ አለመሆናቸውን የምታውቀው ዴልማ ብቻ ነበረች። ባሏ ከከተማ ሳይመለስ ቪዲዮውን አይታዋለች። ገጀራውን የያዘው አንድያ ልጇ ኖርበርት ነው። በአንዲት ልጅ ሰበብ ሲሰዳደቡ ቆይተው ነው የተነሳበት። አንዴ ብቻ ቢሆን እጁ ስቶት ነው ትል ነበር፤ ስድስት ጊዜ ነው የመታው። ልታጠፋው አሰበች፤ ወንድሟ ግን የጠፋ ፋይል ቆፍሬ አወጣለሁ እያለ ሲጎርር ሰምታዋለች። ብትሰብረው ኬፓስ ይገድላታል። ስለዚህ ሳጥኑን ፈታች፣ ሚሞሪ የሚባለውን ጣት የሚያህል ስስ ሰሌዳ ነቀለችና ጡት ማስያዣዋ ውስጥ ሸጎጠችው። ያለሱ ኮምፒዩተር ከመጮህ በቀር ምንም እንደማይሠራ ያሳያት ላካይን ራሱ ነው፣ ሚስዮን ትምህርት ቤት ተቀጥሮ ሳለ። ነገሩ ዞሮ ወደሱ እንደሚመጣ ግን አላሰበችም።

ቤቱ ስትደርስ ላካይን ፊቱን የሐዘን ጭቃ ተቀብቶ ነበር፤ ሰላም አላላትም። የታጠቁት ሰዎች ደጅ ቀሩ። ሳጥኑን ከፀሐይ ባትሪው ጋር አገናኘና ቁልፉን ተጫነ። ሦስት ጊዜ ጮኸ። ሚሞሪው ነው፣ አቧራ ይዞት ይሆናል፣ በላጲስ ሲያሹት ይነሳል አለና ካቻቢቴውን አነሳ። ዴልማ ግድግዳውን ይዛ ቆመች።

የሳጥኑ ውስጥ አቧራና የበረሮ ኩስ ነበር። ንጹህ የነበረው ሚሞሪው የሚሰካበት ቦታ ብቻ ነው። ላካይን ጣቱን ባዶው ቦታ ላይ አሳለፈ። ከዚያ አሮጌ ዕቃ ከሚያጠራቅምበት የወተት ጣሳ ሌላ ሚሞሪ አወጣ።

«በረሮ ሚሞሪ አይነቅልም» አለ፣ ድምፁን ሳያነሳ።

የዴልማ እጅ ሚሞሪው ወደተሸጎጠበት ደረቷ ሄደ።

«የነቀልሽው ለኬፓስ ብለሽ አይደለም። ገዳዩ እሱ ቢሆን ኖሮ አንቺው ራስሽ ከፍተሽ ታሳዪኝ ነበር።»

«ወንድም ጋሼ...»

«የልጅሽን ስም እንዳትጠሪብኝ።»

ሚሞሪውን ቦታው ላይ ደቀነው። አንዴ መጫን ብቻ ነበር የቀረው። ኮምፒዩተር ሲያስተምር ኖርበርትንና ክሌመንን ጎን ለጎን አስቀምጦ ነበር፤ አንዱ ሲሳሳት ሌላው ይስቅበት ነበር።

«ካየሁት እጄ አይታዘዘኝም» አለ። «ሦስት ቀን እንዳላየሁት እሆናለሁ። ገባሽ? በአራተኛው እንዳየሁት ነው።»

መጥረቢያውን ከግድግዳ አወረደ። ሳጥኑን ደጅ አውጥቶ ሰዎቹ ፊት ቆመና ይከተክተው ጀመር። ቪዲዮው ያለበት ሃርድ ዲስክ ተሰነጠቀ፣ እሱ ግን አላቆመም፤ ብረቱ ተጠፍጥፎ መሬት እስኪገባ መታው። የሚመታው ማንን እንደሆነ ዴልማ ታውቃለች። ኮምፒዩተሩ ሞቷል፣ ምንም የለበትም አላቸው፤ እነሱም ወደ ሰማይ ተኮሱ። ስብርባሪውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተና ማንገቻውን በእጁ ግንባሯ ላይ አኖረላት። ከዚያ ጀርባውን ሰጣት።

ወንዙን ተሻግራ ስትመለስ ኖርበርትን ስኳር ድንች ማሳ ውስጥ አገኘችው። ቪዲዮውን አይቻለሁ፣ አጎትህም አውቋል፣ ሦስት ቀን አለህ አለችው። እማዬ ብሎ ማልቀስ ሲጀምር በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በጥፊ አጮለችው። ግን በምን ይወጣል? በጦርነት ጊዜ ከመንደር የሚሸሽ ወንድ ይገደላል፣ የማሳው በር ላይ ደግሞ አምስት ጠመንጃ ያዦች ተቀምጠዋል። አጥሩ ሥር ተኝቶ እንዲጠብቅ ነገረችው።

ከዚያ ቀጥ ብላ መንደሩ መሃል ሄደች፣ ስብርባሪውን ኬፓስ እግር ሥር ዘረገፈችው፣ ድምፅዋንም ከፍ አደረገች።

«ወንድሜ የላከልህ ነው። ኬፓስ ወንድ ከሆነ ራሱ ይምጣ ብሏል። እኔም አይመጣም ብዬዋለሁ።»

ኬፓስ የአጥር እንጨት ነቀለ። የመጀመሪያው ምት ትከሻዋ ላይ፣ ሁለተኛው አፏ ላይ አረፈ። ዴልማ ሌላ ጊዜ ድምፅ አታሰማም፤ ያን ቀን ግን መንደሩ እስኪናወጥ ጮኸች። ሲደበድባት ሁልጊዜም የሚመለከት አይጠፋም። የማሳው በር ላይ የነበሩትም አንድ በአንድ ተነስተው መጡና ቆመው አዩ። ጩኸቷ ዝቅ ሲል እንደገና ሰደበችው፣ እንደገና መታት። በሰዎቹ እግር መሃል፣ ባዶውን በር አልፎ ወደ ሃገን ከተማ በሚወስደው መንገድ የሚሮጥ ልጅ አየች። ከሷ በቀር ያየው አልነበረም።

ኬፓስ ሲደክመው እንጨቱን ጥሎ ሄደ። ዴልማ አራተኛ ጥርሷን ከአፈሩ ላይ ለቀመችና ከሚሞሪው ጋር ሸጎጠችው።